የጀይላኒን መድረሳ ለዘለለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ባግዳዱ ዓሊምና ሱፊ ስለ ሸኽ ዐብዱልቃድር ጀይላኒ የተጻፈ አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ነበር። ወዳጆቼም «ምን ትላለህ?» እያሉ ልከውልኛል። ጸሐፊው አምስት ነገር ይላል። ስለ ጀይላኒ የምናውቀው ሁሉ ተረት ነው ይላል። ሸሪዓን ወደ ጎን ብለው አዲስ መንገድ የፈጠሩ ሰው ናቸው ይላል። ሱፊዎችን በመተቸት የሚታወቁት ዓሊም ኢብኑ ተይሚያ አውግዘዋቸዋል ይላል። መንገዳቸው ሙስሊሙን ከኑሮ አስወጥቶ ለገዢ ተንበርካኪ አድርጎታል ይላል። በመጨረሻም በአገራችን ስማቸው የሚነሳበት ሐድራና መንዙማ (የዚክር ስብሰባውና መንፈሳዊ ግጥሙ) ሁሉ «ዕውቀት ያልደረሰው ሕዝብ ልማድ ነው» ብሎ ይዘጋል።

ይህን በዝምታ ማለፍ አልቻልኩም። ጀይላኒን ስለምወድ ብቻ አይደለም። ጽሑፉን የሚያነቡት ብዙዎቹ ወጣቶች ናቸው። የአያቶቻቸውን ዲን ከአላዋቂነት ጋር አንድ አድርገው እንዲያዩት እየተነገራቸው ነው። ስለዚህ በየነጥቡ ልመልስ። ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ የሂጅራ ሲሆን እናገራለሁ።

በመጀመሪያ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። የጸሐፊው አንደኛና ሁለተኛ ነጥብ አብረው አይሄዱም። ስለ ሰውየው የምናውቀው ሁሉ ተረት ከሆነ፣ ሸሪዓን ወደ ጎን ማለታቸውን ከየት አወቀ? ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ነበረበት።

«ሁሉም ተረት ነው» የሚለውን እንየው። ጀይላኒ የተወለዱት በ1077 ወይም 1078 አካባቢ፣ ከካስፒያን ባሕር በስተደቡብ በምትገኘው ጊላን ነው። ባግዳድ የገቡት በ1095 ነው፤ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ሆነው ማለት ነው። ያ ዓመት ኢማም ገዛሊ የኒዛሚያን (የባግዳድን ታላቅ መድረሳ) መምህርነት ጥለው ከባግዳድ የወጡበት ዓመት ነው። አንዱ ትልቅ ዓሊም ሲወጣ አንድ ድሃ ደረሳ (ተማሪ) ገባ። ከዚያ በኋላ ምን ተማሩ፣ ከማን ተማሩ? ይህም ተመዝግቧል። ፊቅህን (የእስልምና ሕግን) ከአቡ ሰዕድ አል-ሙኸሪሚና ከኢብኑ ዐቂል፣ ዐረብኛን ከአቡ ዘከሪያ አት-ተብሪዚ ተማሩ። የልብን ትምህርት የወሰዱት ደግሞ ከሐማድ አድ-ደባስ ነው። ሐማድ ማንበብና መጻፍ የማይችሉ፣ ድብስ የሚባለውን ጣፋጭ የፍሬ ሽሮፕ እየሸጡ የሚኖሩ ሰው ነበሩ። የፊቅህ ተማሪው ያልተማረ ሻጭ ፊት ቁጭ ብሎ ልቡን አሳረመ። እኔ ከጀይላኒ ታሪክ ይህን በጣም እወደዋለሁ።

ለሕዝብ መናገር የጀመሩት በ521 ሂጅራ ወይም በ1127 ነው። ሃምሳ ዓመት ገደማ ሆኗቸው ነበር። ባግዳድ ከገቡ ሠላሳ ዓመት አልፏል። ዛሬ ሁለት ኪታብ አንብቦ መድረክ የሚወጣውን ሰው ከዚህ ጋር ማነጻጸር ለአንባቢ እተወዋለሁ።

ለዚህ ሁሉ ምስክር ማን ነው? ወዳጆቻቸው ብቻ ቢሆኑ ጸሐፊው ቅር ቢለው አልፈርድበትም። ነገር ግን ኢብኑል ጀውዚ አሉ። ኢብኑል ጀውዚ በዚያው ከተማ፣ በዚያው ዘመን የኖሩ፣ እንደ ጀይላኒ የሐንበሊ መዝሀብ (የፊቅህ ትምህርት መስመር) ተከታይ የሆኑ ትልቅ ሰባኪ ናቸው። ሱፊዎችን በብርቱ የተቹ ሰው ናቸው። ለጀይላኒ ሞቅ ያለ ፍቅር እንዳልነበራቸውም የታወቀ ነው። እሳቸው እንኳ በታሪክ መጽሐፋቸው ስለ ጀይላኒ ሲጽፉ እንዲህ ይላሉ፦ በባብ አል-አዘጅ ሰፈር የነበረችው የሙኸሪሚ ትንሽ መድረሳ ለዐብዱልቃድር ተሰጠች። ሰው በዛ፣ መድረሳዋ ጠበበች። ከከተማው ቅጥር አጠገብ እየተቀመጡ መምከር ጀመሩ። ብዙ ሕዝብ በእጃቸው ተውባ (ንስሐ) አደረገ። በኋላ መድረሳዋ ተስፋፋች። ከማይወድ ሰው ብዕር የወጣ ምስክርነት ነው። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

ሌላም ማስረጃ አለ። ንግግራቸው በቃለ ጉባኤ መልክ ተይዟል። «አል-ፈትሑ ረባኒ» በሚባለው ኪታብ ስልሳ ሁለት መጅሊሶች (የትምህርት ጉባኤዎች) አሉ። የመጀመሪያው «እሁድ ጠዋት፣ በሪባጡ፣ ሸዋል 3 ቀን 545» ብሎ ይጀምራል። ዓመቱ በሂጅራ ነው፤ በአውሮፓ 1151 ማለት ነው። ሪባጥ የሱፊዎች ማረፊያ ቤት ነው። ብዙዎቹ የማክሰኞ ማታና የዓርብ ጠዋት በመድረሳው፣ የእሁድ ጠዋት ደግሞ በሪባጡ የተነገሩ ናቸው። ተረት እንዲህ በቀንና በቦታ ተቆጥሮ አይቀመጥም።

አንድ ነገር ላይ ግን ጸሐፊው እውነት አለው፤ ልሸፍንበት አልፈልግም። ስለ ጀይላኒ ከራማ የሚነገረው ሁሉ እኩል የጸና አይደለም። ብዙዎቹ ተአምራት የመጡት ከሸጠኑፊ ስብስብ ነው። ሸጠኑፊ የሞቱት በ1314 ነው፤ ጀይላኒ ከሞቱ መቶ አርባ ስምንት ዓመት በኋላ። የታሪክና የሐዲስ ዓሊሙ ኢማም ዘሀቢ ሲጽፉ፣ ከታላላቅ መሻይኾች እንደ ሸኽ ዐብዱልቃድር ብዙ ከራማ ያለው የለም፤ ነገር ግን ከሚተረከው ብዙው ትክክል አይደለም፤ ሊሆን የማይችልም አለበት ይላሉ። እኔ በዚህ እስማማለሁ። ዘሀቢ ግን ማጥለሉን እንጂ መድፋቱን አልመረጡም። ያልጸናውን ለዩ፣ ሰውየውን አከበሩ። የእኛ ጸሐፊ የዘሀቢን ግማሽ ዓረፍተ ነገር ወስዶ ሌላውን ግማሽ ተወው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። «ሸሪዓን ወደ ጎን አሉ» የሚለው ነው በጣም ያሳዘነኝ።

ጀይላኒ ማን ነበሩ ብትሉኝ በመጀመሪያ መምህር ነበሩ እላለሁ። «አል-ጉንያ» የተባለ ኪታባቸው የሚጀምረው በሶላት፣ በዘካ፣ በጾም፣ በሐጅ ነው። ስለ አመጋገብ ሥርዓት፣ ስለ ሰላምታ፣ ስለ ንጽህና ያስተምራል። ሸሪዓን የጣለ ሰው ስለ ውዱእ ቁጭ ብሎ አይጽፍም።

ከዚህም የሚበልጥ ታሪክ አለ። በ561 ሂጅራ፣ ማለትም በ1166 መግቢያ፣ ሁለት ወጣቶች ከደማስቆ ባግዳድ ገቡ። የአክስት ልጆች ናቸው። አንዱ ዐብዱልገኒ አል-መቅዲሲ፣ ሌላው ሙወፈቁዲን ኢብኑ ቁዳማ። ቤተሰባቸው በመስቀል ጦረኞች ምክንያት ከናብሉስ አካባቢ ተሰዶ ደማስቆ የሰፈረ ነው። ጀይላኒ በዚያን ጊዜ ዘጠና ዓመት ሊደርሳቸው ነው። ሁለቱን ልጆች በመድረሳቸው አሳደሯቸው። ኢብኑ ቁዳማ በኋላ ያንን ጊዜ ሲያስታውሱ፣ ሸኹ ልጃቸውን ያህያን ልከው መብራት ያበሩልን ነበር ይላሉ። ከቤታቸው ምግብ ይልኩልን ነበር። ፈርድ ሶላት እሳቸው ኢማም ሆነው ያሰግዱን ነበር። ጠዋት እኔ የኺረቂን ሙኽተሰር ከቃሌ አነብላቸው ነበር፤ ዐብዱልገኒ ደግሞ ከሌላ ኪታብ ያነብ ነበር። አንድ ተማሪ እሳቸውን ካገኘ ወደ ሌላ መሄድ አያስፈልገውም ነበር፤ ብዙ ዕውቀት፣ ለተማሪ ትዕግሥትና ሰፊ ልብ አንድ ላይ ይዘው ነበርና። ብዙ ሳይቆይ ሸኹ ሞቱ።

የኺረቂ ሙኽተሰር የሐንበሊ ፊቅህ መሠረት የሆነች አጭር ኪታብ ናት። ኢብኑ ቁዳማ በኋላ «አል-ሙግኒ» የሚባለውን ግዙፍ ሥራቸውን የጻፉት ይህችኑ ኪታብ ለማብራራት ነው። እስከ ዛሬ ድረስ ፊቅህ የሚማር ሁሉ የሚያነሳው ኪታብ ነው። እንግዲህ ሸሪዓን ጥለዋል የተባሉት ሰው የመጨረሻ ሳምንታት ሥራቸው ምን ነበር? ለሁለት ስደተኛ ልጆች ፊቅህ ማስቀራት፣ መብራት ማብራት፣ እራት መላክ።

በወሎ ደረሳ ሆኖ ያደገ ሰው ይህን ሲሰማ እንግዳ አይሆንበትም። ደረሳው ከሩቅ አገር ይመጣል። ሸኹ ያሳድሩታል። መንደሩ ምግቡን ይችላል። ማለዳ ኪታቡን ይዞ ቁጭ ይላል። ይህ ሥርዓት ከየትም አልተለቀመም፤ በመላው እስላም ዓለም የኖረ፣ ጀይላኒም የኖሩበት ሥርዓት ነው።

«አዲስ መንገድ ፈጠሩ» ለሚለውም መልሱ አጭር ነው። ጀይላኒ በሕይወታቸው ሳሉ ዛሬ እንደምናውቀው የተደራጀ ቃዲሪያ የሚባል ጦሪቃ (የሱፊ መንገድ) አልነበረም። የተዉት መድረሳና ሪባጥ ነው፤ ኪታብና ተማሪ ነው። ጦሪቃው ቀስ በቀስ የተቀናጀው በልጆቻቸውና በተማሪዎቻቸው፣ ከዚያም በሚቀጥሉት ትውልዶች ነው። ልጃቸው ዐብዱልወሃብ መድረሳውን ተረከቡ። ዐብዱረዛቅ የሐዲስ ሰው ሆኑ። አንዳንድ ዘመን በኋላ የተጨመረ ልማድ ካለ በልማዱ ላይ መነጋገር ይቻላል፤ በሟቹ ላይ መጫን ግን ፍትሕ አይደለም።

ሦስተኛው ነጥብ ኢብኑ ተይሚያ ናቸው። እዚህ ላይ ጸሐፊው ተሳስቷል ብቻ ሳይሆን እውነቱ ፍጹም ተቃራኒ ነው። ኢብኑ ተይሚያ የጀይላኒን «ፉቱሁል ገይብ» የተባለ ኪታብ በከፊል ሸርሕ አድርገዋል (አብራርተዋል)። ይህ ሸርሕ በፈትዋ ስብስባቸው ውስጥ ታትሞ አለ። ስማቸውን ሲያነሱ «አላህ ሩሓቸውን ይቀድስ» እያሉ ነው። ከዚያም በላይ፣ ሸኽ ዐብዱልቃድርና መሰሎቻቸው በዘመናቸው ከነበሩ መሻይኾች ሁሉ ሸሪዓን መያዝን፣ ትእዛዝና ክልከላን አጥብቀው ያዘዙ፣ እሱንም ከስሜትና ከዘውቅ (ከመንፈሳዊ ጣዕም) ያስቀደሙ ናቸው ብለው መስክረዋል። ጸሐፊው ሁለተኛውን ነጥብ ያቆመው በኢብኑ ተይሚያ ስም ነበር። ምስክሩ ግን ለሌላኛው ወገን መሰከረ።

ኢብኑ ተይሚያ ራሳቸው የሚተርኩት አንድ የጀይላኒ ታሪክ አለ። ሸኹ በዒባዳ ላይ ሳሉ ትልቅ ብርሃን ታያቸው። ከብርሃኑ ውስጥ፣ እኔ ጌታህ ነኝ፤ ለሌላው ሐራም ያደረግኩትን ላንተ ሐላል አድርጌልሃለሁ የሚል ድምጽ መጣ። ጀይላኒ «ዘወር በል፣ አንተ የአላህ ጠላት!» አሉት። ብርሃኑ ጨለማ ሆነ። እንዴት አወቁ ተብለው ሲጠየቁ፣ የሙሐመድ ሸሪዓ እንደማይሻርና እንደማይለወጥ ስለማውቅ ነው ብለው መለሱ። ሱፊ ሸሪዓ አያስፈልገውም ለሚል ሰው ሁሉ፣ ሱፊ ነኝ ባይም ይሁን የሱፊ ጠላት፣ ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም።

እርግጥ ነው፤ ኢብኑ ተይሚያ በዘመናቸው የነበሩ አንዳንድ ሱፊዎችን፣ በቀብር ዙሪያ የሚደረጉ ነገሮችንም በብርቱ ተቃውመዋል። ይህን የሚክድ የለም። የአንዳንዱን ሥራ መቃወም ግን ጀይላኒን ማውገዝ አይደለም። በነገራችን ላይ ኢብኑ ተይሚያ በ1328 ሲሞቱ የተቀበሩት በደማስቆ የሱፊዎች መቃብር ነው።

ወደ አራተኛው ልለፍ፤ «ዋሻ አስገባን፣ አንገት አስደፋን» ወደሚለው። ጀይላኒ ወጣት ሳሉ ከሰው ርቀው በባግዳድ ዙሪያ በፍርስራሽ ውስጥ ኖረዋል። ከረሃብ የተነሳ በወንዝ ዳር የወደቀ ቅጠል ለቅመው በልተዋል። ግን ተመልሰው ወጡ። ቀሪ ዕድሜያቸውን የኖሩት በዚያ ዘመን ከዓለም ትልልቅ ከተሞች አንዷ በሆነችው ከተማ መሐል፣ በገበያተኛና በሎሌ፣ በድሃና በሹም ፊት እየተናገሩ ነው። በመጅሊሶቻቸው ሰው በእጁ ሠርቶ እንዲበላ ይመክራሉ። ዲንን የእንጀራ መብያ ያደረገውን ይወቅሳሉ። በገዢ ደጅ የሚመላለስ ዓሊምን ሲገሥጹ ቃላቸው ጅራፍ ነው።

ኸሊፋ ሙቅተፊ አንድ በግፉ የታወቀ ሰው ዳኛ አድርገው ሲሾሙ ጀይላኒ ሚንበር ላይ ሆነው፣ በሙስሊሞች ላይ ከግፈኛ ሁሉ የባሰውን ሾምክ፤ ነገ በአላህ ፊት ምን ትመልሳለህ ብለው ተናገሯቸው ተብሎ ይተረካል። ኸሊፋው አልቅሰው ዳኛውን ሻሩት ይላል ታሪኩ። ስለ መድረሳው ግንባታም የሚተረክ አለ። አንዲት ድሃ ሴት የቀን ሠራተኛ ባሏን ይዛ መጣች። መህሯን (የጋብቻ ጥሎሿን) ገና አልከፈላትም። ግማሹን ምራዋለሁ፤ በቀረው ግማሽ ልክ መድረሳው ላይ ይሥራ አለች። ሸኹ ድህነቱን ስላወቁ አንድ ቀን በክፍያ፣ አንድ ቀን በነጻ ያሠሩት ነበር። ሙሉውን ሳይጨርስ ሰነዱን መልሰው፣ በቀረው ይቅር ተብለሃል አሉት። ሕዝብ በሳንቲምና በጉልበት ያቆመው መድረሳ ነው።

ከእሳቸው በኋላ ስማቸውን የያዙት ደግሞ አንገት የደፉ ናቸው? ሸኽ ዑስማን ዳን ፎዲዮ ቃዲሪ ነበሩ። በ1794 ጀይላኒን በራዕይ አይቼ የእውነትን ሰይፍ አስታጠቁኝ ብለው ጽፈዋል፤ በ1804 ዛሬ ናይጄሪያ በምንለው አገር ግፈኛ ገዢዎችን ተነሱባቸው። አሚር ዐብዱልቃድር አልጀዛኢሪ ከቃዲሪ ቤት የወጡ ናቸው። ከ1832 እስከ 1847 ፈረንሳይን ተዋጉ። ተሸንፈው ደማስቆ በስደት ሳሉም በ1860 የከተማዋ ክርስቲያኖች ሲገደሉ፣ በሺዎች የሚቆጠሩትን በቤታቸውና በሰዎቻቸው ጥበቃ አዳኑ። በእኛው ቀጣና ሸኽ ዐብዱረሕማን ዘይለዒ በ1882 በኦጋዴን ቁሉንቁል እስኪሞቱ ድረስ ሲያስተምሩ ኖሩ። የብራዋው ሸኽ ኡወይስ ቃዲሪያን በደቡብ ሶማሊያና በምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ አስፋፉ፤ በ1909 ተገደሉ። ከገዢ ጋር የተለሳለሱ፣ ቤት ዘግተው የተቀመጡ ሱፊዎች አልነበሩም አልልም፤ ነበሩ። ግን የጥቂቱን ስም ለሁሉ መለጠፍ ታሪክ መጻፍ አይደለም።

የመጨረሻው ነጥብ ስለ እኛ ስለሆነ ቆየት ልበልበት። «ዕውቀት ያልደረሰው ሕዝብ ልማድ» ተብሏል።

ቃዲሪያ በሐረር ከጥንት ጀምሮ ሥር የሰደደ ነው። በወሎ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ ሸኽ ሙሐመድ ሻፊ ጀማ ንጉሥ የተባለውን የዲን ማዕከል አቀኑ፤ መውሊድንም በዚያ ሥርዓት አስያዙት። በጉራጌ የአብሬት የቃዲሪያ ማዕከል አለ። እነዚህ ቦታዎች ሐድራ ብቻ አልነበሩም። ቁርኣን የሚቀራባቸው፣ ፊቅህ፣ ነሕውና ተውሒድ የሚሰጥባቸው፣ ኪታብ በእጅ የሚገለበጥባቸው ነበሩ። መንገድ በሌለበት፣ ማተሚያ በሌለበት ዘመን ከዚህ የበለጠ ትምህርት ቤት ማን አቋቋመ?

መንዙማም እንዲሁ ነው። ዐረብኛ ለማያውቅ ገበሬ፣ ለእናቶች፣ ለእረኛው ተውሒዱንና ሲራውን በአማርኛ ያደረሰው መንዙማ ነው። ሸኽ ጦልሐ ኢብኑ ጃዕፈር የአማርኛ መንዙማ በዐረብ ፊደል የጻፉ ዓሊም ናቸው። ከ1878ቱ የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ፣ የወሎ ሙስሊም ሃይማኖቱን እንዲለውጥ ሲገደድ ተቃውመው ከተነሱት አንዱም እሳቸው ናቸው። ይህን ሕዝብ ነው ጸሐፊው ዕውቀት ያልደረሰው የሚለው። በዚያ ዘመን ዲኑን ይዞ ያቆየው ማን መሰለው?

አሁን ደግሞ ለራሳችን ወገን የምለው አለኝ፤ ምላሽ ስጽፍ አንዱን ጎን ብቻ መናገር አልፈልግም። ጭንቅ ሲመጣ የጀይላኒን ስም እየጠሩ ድረሱልኝ የሚሉ ሰዎች አሉ። ጸሐፊው በቁጣ የጻፈው ይህን አይቶ ነው። ስለ ተወሱል (በደጋግ ሰዎች አማካይነት አላህን ስለመለመን) ዑለማዎች የተለያየ ነገር ብለዋል፤ እዚህ አልዳኘውም። ሰውን በአንድ ቃል ከዲን ማስወጣትን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። ነገር ግን ጀይላኒን የሚወድ ሰው የጀይላኒን ቃል ይስማ። «ፉቱሁል ገይብ» ውስጥ ነቢዩ ﷺ ለኢብኑ ዐባስ የሰጡትን ምክር አንስተው ያብራራሉ፦ ስትጠይቅ አላህን ጠይቅ፤ እርዳታ ስትፈልግ ከአላህ ፈልግ። በሞት አልጋቸው ላይ ሆነው ልጃቸው ዐብዱልወሃብ ምከሩኝ ሲላቸውም፣ አላህን ፍራ፣ ከአላህ ሌላ ማንንም አትፍራ፣ ከአላህ ሌላ ከማንም ተስፋ አታድርግ፣ ጉዳይህን ሁሉ ለእሱ ስጥ አሉት። ይህ ኑዛዜ በየሐድራው ከመንዙማው ጋር ቢነበብ ምኞቴ ነው። ጸሐፊው ሰዎችን ማረም ከፈለገ ከዚህ የተሻለ መሣሪያ አያገኝም፤ ከራሳቸው ከሸኹ አፍ የወጣ ነውና። እሱ ግን ሸኹን ጠላት አድርጎ ጀመረ፤ ስለዚህ የሚሰማው ሰው አጣ።

ጽሑፉ የጀይላኒን ቀብር ስለሚዘይሩ ሰዎችም ክፉ ቃል አለው። የባግዳዱ ቀብር ያለው በዚያው በመድረሳቸው ቦታ ነው። በ1508 የፋርሱ ሻህ ኢስማዒል ባግዳድን ሲይዝ አፈረሱት፤ የኦቶማኑ ሱልጣን ሱለይማን በ1534 ከተማዋን ሲይዙ መልሰው አሠሩት። በ2007 በአካባቢው የመኪና ቦምብ ፈንድቶ ብዙ ሰው ሞቷል። በስድብ የሚጀምር ነገር የት ሊደርስ እንደሚችል የባግዳድ ሰዎች ያውቃሉ። ስለ ዚያራ ሥርዓት እንከራከር፤ ዘያሪውን አንስደብ።

ጸሐፊውን ሁለት ነገር እጠይቀዋለሁ። አንደኛ፣ ስለ ኢብኑ ተይሚያ የጻፈውን ያርም። የ«ፉቱሁል ገይብ»ን ሸርሕ በፈትዋ ስብስባቸው ዐሥረኛ ቅጽ ውስጥ ያገኘዋል። ዐረብኛ እንደሚያነብ ጽሑፉ ላይ ነግሮናል፤ ስለዚህ አይከብደውም። ሁለተኛ፣ «ዕውቀት ያልደረሰው ሕዝብ» የሚለውን ያንሳ። በየገጠሩ ዛሬም ኪታብ ይዘው የተቀመጡ አዛውንት መሻይኾች አሉ፤ ጽሑፉንም ልጆቻቸው እያነበቡላቸው ነው።